በስምህ አሥራ ስምንት ዓመት

ለውድ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ዓይንህስ? ብየዳ ስትበይድ ያንን ጥቁር መከለያ ፊትህ ላይ ታወርደዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ግንባርህ ላይ ሰቅለኸው ትውላለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿስ? እናታችን ወገቧን ሻል አላት? እዚህ ቦታ ላይ እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይባላል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። የቀኝ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍም ይለኛል፤ ለምኜ ካጠፍኩት ደግሞ አልዘረጋም ይላል። በዚህ ላይ ያንተ ደብዳቤ መጣ።

ያነበብኩት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው፣ እግሬን በረዶ ባልዲ ውስጥ ነክሬ። ፖስታውን ያመጣልኝ የቡድኑ ወጌሻ ነበር፤ ከቤት ነው፣ ከቤት ነው እያለ፣ ለእሱ የተጻፈ ይመስል ደስ ብሎት። እኔም ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። አራት ገጽ። ቀለሙ እንደ ድሮው ተጨማልቋል፤ ግራኝ ስለሆንክ እጅህ የጻፍከውን እየጠረገ ነው የሚሄደው። ሰላምታህ አንድ መስመር አትሞላም። ወንድም ጋሼ የምትለዋንም ትተሃታል፤ ለወንድሜ ብለህ ነው የጀመርከው። አፍህን ከፈታህበት ቀን ጀምሮ ጋሼ ስትለኝ ኖረህ ዛሬ ምን ያዘህ? ይሁን፣ ገብቶኛል። የሚለምን ሰው ነው የሚያቆላምጠው፤ አንተ የራስህን ነው የጠየቅከው።

የጻፍከውን ልድገምልህ፣ በደንብ እንደገባኝ እንድታውቅ። ትንሿ ሰባት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤቱ የልደት ወረቀት ካላመጣችሁ አልመዘግብም አለ። ባለቤትህ ምዝገባ ቢሮ ሄዳ ያንተን ስምና የተወለድክበትን ቀን ሰጠች። መዝጋቢዋ መዝገቧን ብታገላብጥ ስምህን አገኘችው፤ ይህ ሰው ፓስፖርት አውጥቶ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ከአገር ወጥቷል፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው፣ አልተመለሰም አለቻት። ባለቤትህ የዋህ ናት፤ ባሌማ ብየዳ ቤት ነው ያለው፣ ምሳውን አድርሼለት መምጣቴ ነው ብትላት፣ መዝጋቢዋ መነጽሯን አውልቃ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና እንግዲያው አንቺ ያገባሽው ሌላ ሰው ነው አለቻት። አንተ ይህን ስትጽፍ እንዳልሳቅክ አውቃለሁ። እኔ ግን እግሬ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ።

የጠየቅከኝ አንድ ነገር ነው። ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ሄጄ፣ እኔ ይህ ሰው አይደለሁም፣ ስሙም የልደት ቀኑም የታናሽ ወንድሜ ነው ብዬ ፈርሜ እንድልክልህ። ስሜን መልስልኝ አልክ። ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው አልክ።

ልክ ነህ። ልክ አይደለህም ብዬ አልከራከርህም። ያንን ወረቀት የወሰድኩት ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ብዬ ነው። እኔ ሃያ፣ አንተ አሥራ ስድስት፤ ውጭ አገር የሚሄደው የወጣት ቡድን ደግሞ ከአሥራ ስምንት በላይ አይወስድም። ፈልገውኛል፣ ዕድሜዬ ግን አልፏል፣ የልደት ወረቀትህን አውሰኝ አልኩህ። ከእናታችን ሳጥን ራስህ አውጥተህ ሰጠኸኝ፤ ውሰድ ጋሼ፣ እኔ ምን ያደርግልኛል ብለህ። ዕድሜህን ስወስድ ስምህ አብሮ መጣ። ከዚያማ ታውቀዋለህ። ይህችን ዘመን ልጨርስ እልሃለሁ፣ ዘመኑ ያልቃል፣ ሌላ ክለብ ይመጣል፣ እንደገና ይህችን ብቻ እልሃለሁ። አንተም እሺ ጋሼ ትላለህ። አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብትለኝ ምናለበት? እሺ ባይነትህ ነው ሁለታችንንም እዚህ ያደረሰን።

የደረሰብህን አንድ በአንድ ጽፈሃል። መታወቂያ ልታወጣ ሄደህ ይህ ሰው አንተ አይደለህም ብለው መለሱህ። የመኪና ፋብሪካው ብየዳህን አይቶ ነገ ሥራ ጀምር ካለህ በኋላ መታወቂያ የለህም ብሎ አሰናበተህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሰው በርና መስኮት ትበይዳለህ። ጋብቻችሁ አልተመዘገበም። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በየስልኩ ባትነግረኝም ከእናታችን እሰማለሁ። የአባባን ግን አላውቅም ነበር። አባባ የሞተ ዕለት ሆስፒታሉ አስከሬኑን ለማስረከብ የልጅ ፊርማ ጠይቆ፣ አንተ መታወቂያ ስለሌለህ በሩ ላይ ቆመህ ጎረቤታችን እንደፈረመ አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው ወንድሜ፣ ይህን አልሰማሁም። አንብቤው ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ሁለት ቀን አላወጣሁትም።

አሁን ደግሞ እኔን ስማኝ። ታዳምጠኛለህ አይደል?

ውጭ አገር ኳስ ተጫዋች ሲባል እናንተ ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ። ለሰው ነግረሃልም፤ ወንድሜ እንዲህ ነው እያልክ ደረትህን ነፍተሃል። ለአሥራ አንድ ክለብ ነው የተጫወትኩት ወንድሜ። ጎበዝ ሰው አሥራ አንድ ክለብ አይዞርም። የመጀመሪያው በሁለተኛው ዓመት ተበተነ። ሁለተኛው አሠልጣኙን ሲያባርር የእሱ ሰው ነህ ብሎ እኔንም አባረረኝ። አንዱ ዘንድ ደርሼ ሻንጣዬን ሳልፈታ በእኔ ቦታ ሌላ ረጅም ሰው አምጥተው ነበር፤ ሁለታችን ደረጃው ላይ ተያይተን ተሳሳቅን። አልጋ ሁሉ ያጥረኛል፤ በሄድኩበት ሁሉ መጀመሪያ የምፈልገው እግሬን የማሳርፍበት ወንበር ነው። በየሄድኩበት የሚያወጡልኝ ስም ደግሞ አንድ ነው፤ ሽማግሌው ይሉኛል። ወረቀቴ ሃያ ስድስት እያለ ሽማግሌው ይሉኝ ነበር። ሰው ዓይን አለው።

ሥራዬን ነግሬህ አላውቅም። አንድ ተጫዋች አምስት ፋውል ከሠራ ከሜዳ ይወጣል። የእኔ ሥራ እነዚያን አምስቱን መሥራት ነው። የተቃራኒው ቡድን ጎበዝ እጁ ሲሞቅና ቅርጫቱ አልበቃው ሲል፣ አሠልጣኛችን ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ዞሮ በጣቱ ይጠራኛል። እገባለሁ። ክንዱን እይዘዋለሁ፣ በደረቴ እገፋዋለሁ፣ ሲዘል አብሬው ዘልዬ አወርደዋለሁ። ዳኛው ይነፋል፣ ድምፅ ማጉያው ስምህን ይጠራል፣ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ይሰድበኛል። ጎበዙ ተናዶ መሳት ሲጀምር እኔ ፎጣዬን ለብሼ ቁጭ እላለሁ፤ አሠልጣኙ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ስምህ በስንት ከተማ እንደተሰደበ ብታውቅ መልሰኝ አትልም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ሆኛለሁ። በስድስተኛው ክለቤ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ልጆች ታመውብን አሠልጣኙ አማራጭ ሲያጣ ከመጀመሪያው አስገባኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ የወረወርኩት ሁሉ ገባ። ሃያ ሰባት ነጥብ! ሰው በስምህ ዘፈነ። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣሁና ቆርጬ ላክሁላችሁ፤ አባባ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ስሙ ያንተ፣ ፎቶው የእኔ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባባ ጋዜጣውን እያሳየ የትኛው ልጁ እንደሆነ ሳይናገር ልጄ ነው ይል እንደነበር እናታችን ነግራኛለች። በሚቀጥለው እሑድ የታመሙት ዳኑና እኔ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

በልደትህ ቀን ደውዬ እንኳን አደረሰህ ማለት የተውኩት ለምን ይመስልሃል? ረስቼ አይደለም። በየዓመቱ በዚያ ቀን እዚህ ኬክ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ከልምምድ ስወጣ ሻማ አብርተው ሲዘፍኑ፣ የማን ልደት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ቀልድ መስሏቸው መሬት እስኪነኩ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሲደርስ ቀድሜ ፊቴን አዘጋጃለሁ። ሻማውን ካጠፋሁ በኋላ ስልክ አንስቼ አንተን እንኳን ተወለድክ ማለት እንዴት ይሆንልኛል? ኬኩን ውጬ ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ።

በራሴ ስም የሚጠራኝ ሰው እናታችን ብቻ ነበረች። ባለፈው ዓመት የክለቡ ሰዎች የተጫዋቾችን እናቶች በቪዲዮ እናሳይ ብለው ደወሉላት፤ ስክሪኑ ላይ ስትመጣ ፈርታ፣ ልጄ ብላ ባንተ ስም ጠራችኝ። አጠገቤ ያሉት አጨበጨቡ። እሷ አለቀሰች፤ ናፍቆት መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ለብቻችን ስናወራም እንኳ ስሜን መጥራት ትታለች፤ አንተ ብቻ ነው የምትለኝ።

እንግዲህ ብፈርም ምን እንደሚሆን ልንገርህ፤ አንተ በደብዳቤህ አልጠየቅክም። የተጫዋችነት ፈቃዴ ይሰረዛል። በስምህ የተጫወትኩት ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ሃያ ሰባቱም ነጥብ ጭምር። ይህ ክለብ ባለፈው ዓመት ያሸነፈው ይነጠቃል። እኔ ከዚያ በኋላ በየትኛውም አዳራሽ ውስጥ ፊሽካ እንኳ ልይዝ አልችልም። ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቶ አስቀምጦኝ፣ አንድ ዓመት ተጫወት፣ ከዚያ የወጣቶቹ አሠልጣኝ ትሆናለህ፣ ክለቡ የሰጠህ ቤትም አይነካብህም አለኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ቆይ ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ሂድ ነበር የሚሉኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው ወንድሜ። አንተ ብየዳ ታውቃለህ፤ ዓለም ላይ የትም ብትጥልህ ብረት አይጠፋም። እኔ ሰው መያዝ ብቻ ነው የምችለው። ያን ፈቃድ ከወሰዱብኝ በምን እበላለሁ?

ወጌሻው የሚያውቅ ይመስለኛል። ትናንት ጉልበቴን ሲያሸኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ይህ ጉልበት ካንተ ይበልጣል አለኝ። ምን ለማለት ነው ብዬ ቆጣ ስል፣ ምንም፣ ብዙ ሠርቷል ለማለት ነው አለና ማሸቱን ቀጠለ። ጥሩ ሰው ነው፣ አይናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያ መጀመሪያ የመረጠኝ አሠልጣኝ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ረቡዕ ዕለት መጥቶ ሁላችንንም ያየን ባለ ቆቡ፣ ትዝ ይልሃል? ቅዳሜ ልጁ የልደት ወረቀቱን ይዞ ይምጣ ብሎ ሹፌሩን ልኮ ነበር። ሹፌሩ በራችን ላይ ያገኘው እኔን ነው። ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ ስቀርብ አሠልጣኙ ስምህን አነበበና ቀና ብሎ ቆየብኝ። ረቡዕ ስትወረውር ግራኝ አልነበርክም ወይ አለኝ። በሁለቱም እጄ እወረውራለሁ አልኩት። ቁመቴን አየ፣ ከዚያ ፈረመ። ይህን ለምን እንደምነግርህ እንጃ። ብዙ ሰው ነበር ያን ዕለት፣ አቧራም ነበር፣ ሰውዬው ተምታቶበት ይሆናል። እለፈው።

ሰኞ ዕለት ልምምድ ቀርቼ ምዝገባ ቢሮው ጋ ራሴ ደወልኩ። ያችው መዝጋቢ አነሳችው። ማን ልበል ስትለኝ ስምህን ነገርኳት። ወይ ጉድ፣ ኳስ ተጫዋቹ! ብላ ጮኸች፤ ባለቤትህን ያመናጨቀችው ሴት ናት አትልም፣ ማር ሆነችልኝ። ስለ ልጅቷ ጠየቅኳት። ይህማ ቀላል ነው አለችኝ፤ የጎደለው የአባት ፊርማ ነው፣ የምልክልህን ቅጽ አባቷ ነኝ ብለህ ፈርመህ ብትልክ በማግስቱ ወረቀቷን እሰጣለሁ፣ ቤተሰቦችህ ይህን ያህል የሚያለቅሱት ለምንድን ነው አለች። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ክፍሌ ውስጥ ብዙ ተመላለስኩ።

ረቡዕ ፈረምኩ። ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ማኅተሙም ደህና ነው።

አትቆጣ። ቀድመህ አትቆጣ፣ አስበው። የልጅቷ ስም አይቀየርም፤ ከስሟ ቀጥሎ የሚጻፈው ያው ያንተ ስም ነው። ትምህርት ቤት ትገባለች። ያንተ ልጅ ናት፣ ማን ይወስድብሃል? ወረቀት ነው። እኔ ስንት ዓመት በወረቀት ኖሬያለሁ፣ አልሞትኩም። ሌላም አስቤልሃለሁ። ቅጹ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትኖር ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ የእኔን ስም ጻፍኩልህ፣ የራሴን፣ እናታችን ያወጣችልኝን። ማንም ያልነካው ስም ነው፤ አልተሰደበም፣ ከአገር አልወጣም፣ መዝገብ ላይ ምንም የለበትም። የልደት ወረቀቴ ሳጥኑ ውስጥ አለ። በእሱ መታወቂያ አውጣ፣ ፋብሪካውም ይቅጠርህ፣ ጋብቻችሁም ይመዝገብ። አራት ዓመት ይጨምርብሃል፤ አራት ዓመት ለአንተ ምንህ ነው፣ ሜዳ አትገባ! ባለቤትህ ልጅ ይዛ ያገባችህ ትመስላለች፤ ይህን ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? ለትንሿ አሁን ምንም አትንገሯት፣ ስታድግ ትረዳዋለች።

ቅጹን ይዘህ አንተው ራስህ ሂድ፣ ባለቤትህን አትላካት፤ መዝጋቢዋ አይታህ ትልመድህ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከታች አንድ ቦታ ባዶ ትቼልሃለሁ። አጎት የሚል አለ፤ እዚያ ላይ አንተ ፈርም።

እናታችንን እጇን ሳምልኝ፣ ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ። ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ ልጃችንንም ያሳድግልን።

ታላቅ ወንድምህ